ናካሺማ እንጨት ቤት፤ ውድ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ

ዋጋውን ላስቀድም። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከምትናደዱብኝ አሁኑኑ ተናዳችሁ ብንገላገል ይሻላል። ናካሺማ ጆርጅ ናካሺማ የሚባሉ ሰው አሜሪካ ውስጥ ያቋቋሙት የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ነው፤ እዚያ አንድ ወንበር የሚታሰበው በሺዎች ዶላር ነው። የምግብ ጠረጴዛውንማ አትጠይቁኝ፤ እንደ ሳንቃው ስፋትና እንደ እንጨቱ ዓይነት ቢለያይም መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው። መሥራቹ በመጨረሻ ዘመናቸው ሬድዉድ ከሚባል እንጨት የሠሩት «አርሊን» የሚባል ጠረጴዛ በ2006 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶበታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

እኔ አልገዛሁም። ኪሴን አውቀዋለሁ። ግን የቤት ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ከናካሺማ ባይገዛም እንኳ፣ አንድ ቅዳሜውን ሰውቶ ቢያየው እላለሁ። ምክንያቱም እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሌላ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ቦታው ኒው ሆፕ ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ባክስ ካውንቲ፣ ዴላዌር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ከፊላደልፊያ ቅርብ ነው። ለእኛ ለዲሲና ለሜሪላንድ ሰዎች ግን መንገዱ ከበድ ይላል፤ አይ-95 ደግሞ ጸባዩን ታውቁታላችሁ። በጠዋት ከተነሳችሁ ደርሶ መልስ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ የሚገባበት መደብር ስላልሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፤ የሚያስጎበኝ ሰው ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

«መደብር» ማለቴም አያስኬድም። ዛፍ መሃል የተበታተኑ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ናቸው። አንዱ ወርክሾፕ፣ አንዱ የእንጨት መጋዘን፣ አንዱ የቤተሰቡ መኖሪያ። ኮኖይድ ስቱዲዮ የሚሉት ቤት ጣሪያው እንደ ዛጎል የተጠማዘዘ ስስ ኮንክሪት ነው፣ ውስጡ አንድም ምሰሶ የለው። በ1967 የተሠራው የሥነ ጥበብ ቤት ደግሞ ጣሪያው ኮምፔንሳቶ ሆኖ እንደ ኮርቻ ተጣምሞ ተቀምጧል። ግቢው በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ያም ሆኖ ሥራ የሚሠራበት ቤት ነው፤ ሙዚየም ውስጥ የገባችሁ አይመስላችሁም።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

ጆርጅ ናካሺማ በ1905 ስፖኬን፣ ዋሽንግተን ስቴት ተወለዱ። (ስቴቱን ነው፣ እኛ ያለንበትን ዋሽንግተን አይደለም።) ወላጆቻቸው ከጃፓን የመጡ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቦይ ስካውት ነበሩ፣ የካስኬድንና የኦሊምፒክን ተራሮች በእግራቸው ዞረውታል። እነዚያ ጫካዎች ቀልድ አይደሉም፤ ዝናቡ የማያባራ፣ ዛፎቹ የብዙ መቶ ዓመት፣ ግንዱን ሰዎች ተያይዘው የሚያቅፉት ዓይነት። ልጁ እዚያው ዱር ውስጥ ልቡ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም መጀመሪያ የተመዘገቡት ደን ጥናት ነው፤ ኋላ ነው ወደ አርክቴክቸር የዞሩት። ከዚያ ኤም.አይ.ቲ.፣ ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ ቶኪዮ አንቶኒን ሬይመንድ የሚባል አርክቴክት ቢሮ፣ ከዚያም ሕንድ ፖንዲቸሪ አንድ የመንፈሳዊ ማኅበር ማደሪያ ሕንፃ ለማሠራት። ይሄ ሁሉ ዙረት እንጨት ለመላግ ነው ወይ ብትሉ፣ አዎ፣ መጨረሻው እንጨት ሆነ።

በ1942፣ ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ በነበሩበት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከመቶ ሺህ በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ማጎሪያ ካምፕ አስገባ፤ አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። ናካሺማም ከባለቤታቸውና ገና ከተወለደች ሕፃን ልጃቸው ከሚራ ጋር አይዳሆ በረሃ ውስጥ ሚኒዶካ ካምፕ ገቡ። እንግዲህ ጉድ ነው፣ እኚህ አርክቴክት የአናጢነትን ነገር በደንብ የተማሩት እዚያ ነው። ጌንታሮ ሂኮጋዋ የሚባል በጃፓን ወግ የሠለጠነ አናጢ አብሯቸው ታስሯል። ከግንባታ የተረፈ ቁርጥራጭና የበረሃ ቁጥቋጦ እየለቀሙ አብረው ሠሩ። እንጨት እንደልብ ስለሌለ እያንዳንዷን ቁራጭ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ማየት ግድ ነበር። በ1943 ያ የቶኪዮው ሬይመንድ ዋስ ሆኖ አስፈታቸው፤ ኒው ሆፕ እርሻ ነበረውና ዶሮ እንዲያረቡ ወሰዳቸው። ቤተሰቡ እዚያው ቀረ። መሬት አግኝተው ወርክሾፑንም ቤቱንም ራሳቸው ሠሩት። አባትየው በ1990 ሲያርፉ ሥራውን የተረከቡት ያቺ የካምፕ ሕፃን፣ ሚራ ናቸው። እሳቸውም አርክቴክቸር ተምረው ከ1970 ጀምሮ ከአባታቸው ጋር ሲሠሩ ቆይተዋል።

ታሪኩን ያበዛሁት ወድጄ አይደለም። ዕቃው ላይ ስለሚታይ ነው።

የእንጨት መጋዘኑን እዩልኝ። ከሁሉም የበለጠብኝ እሱ ነው። ግንዱ በቁመቱ ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ ይሰነጠቅና ሳንቃዎቹ በመጡበት ቅደም ተከተል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ይከመራሉ። አየር እንዲያልፍ ነው። ከሩቅ ስታዩት ዛፉ የተጋደመ ይመስላችኋል፣ ቀረብ ስትሉ ነው የተሰነጠቀ መሆኑ የሚገባችሁ። ቅርፊቱ ያረፈበት ዳር አልተስተካከለም። የአንድ ዛፍ ሳንቃ ከሌላ ዛፍ ጋር አይደባለቅም፤ ምክንያቱም አጠገብ ላጠገብ የነበሩት ሁለት ሳንቃዎች እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ መስመራቸው ግራና ቀኝ ይገጣጠማል፣ ሰፊ ጠረጴዛም የሚወጣው እንደዚያ ነው። አባትየው መጋዝ ቤት ድረስ ሄደው ግንዱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ቆመው ያዙ ነበር። አንዴ ከተሳሳተ በኋላማ ምን ይደረጋል? ሁለት መቶ ዓመት የበቀለ ዛፍ በአንድ ደቂቃ ማገዶ ይሆናል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በእንጨት ሠሪዎች ዘንድ በግምት የሚሠራበት ሕግ አለ፤ በአየር ለማድረቅ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት። ሁለት ኢንች ተኩል የሆነውን ሳንቃ እናንተው አስሉት። ከአየሩ በኋላም ምድጃ ክፍል ገብቶ እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ድረስ መውረድ አለበት፣ አለበለዚያ የአሜሪካ ቤት ውስጥ ጉድ ይፈላል። እዚህ በዊንተር ማሞቂያው ሲበራ የቤቱ አየር ክው ብሎ ይደርቃል። እንጨት ደግሞ ዛፉ ተቆርጦም ቢሆን እርጥበት መሳብና መልቀቅ አይተውም፤ በቁመቱ ምንም አይልም፣ በወርዱ ግን ያብጣል ይጨማደዳል።

ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዚህ በፊት ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር (ስሙ ይቅር) ድፍን እንጨት ነው የተባለ ጠረጴዛ ገዛሁ። በመጀመሪያው ዊንተር ማታ እራት ላይ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማን። በማግስቱ ሲታይ ከዳር ጀምሮ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ገልብጬ ሳየው ገበታው ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር ከዳር እስከ ዳር በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። እንጨቱ ሊጨማደድ ሲል መሄጃ የለውም፣ ታዲያ ከመሰንጠቅ ሌላ ምን ያድርግ። ሱቁ ስደውል «የተፈጥሮ ባሕርይ ነው» ተባልኩ።

ናካሺማ ጋ ስንጥቅ ሞልቷል። ልዩነቱ፣ ስንጥቁ ጠረጴዛው ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። ዛፉ በሕይወቱ ያመጣው፣ ሲደርቅም የጨረሰው ስንጥቅ ነው። ዎልነት ከሚባል ጠቆር ያለ እንጨት የተሠራ አንድ ጠረጴዛ ጎንበስ ብዬ ደህና አድርጌ አየሁት። ከዳሩ የጀመረ ስንጥቅ እየጠበበ ወደ መሃል ይገባል፤ ወለሉ ድረስ ያሳያችኋል፣ አልተደፈነም። በላዩ ላይ ግን የቢራቢሮ ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች ተሰክተዋል። መሃላቸው ቀጭን፣ ሁለቱ ክንፎቻቸው ሰፊ። የቢራቢሮው መስመር ስንጥቁን አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ እንጨት በቁመቱ ስለማይላቀቅ ሁለቱን ወገን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። በጣቴ ዳሰስኩት። መገጣጠሚያው ላይ ጥፍር የሚይዝ ክፍተት የለም። ይሄ በመሮና በእጅ የሚወጣ ሥራ ነው። እዚህ ጋ ነው ዋጋው በግማሽ የተዋጠልኝ። ሌላው ግማሽ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ሰሞኑን በየቦታው፣ አዲስ አበባም ጭምር፣ ሁለት ሳንቃ አጋጥሞ መሃሉን በሰማያዊ ኤፖክሲ (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ሞልቶ «ወንዝ» ማለት ፋሽን ሆኗል። የሚወድ ይውደድ። ለእኔ ግን ያልደረቀ እንጨትን ችግር በፕላስቲክ መሸፈኛ ሆኖ ነው የሚታየኝ። እንጨቱ ሲጨማደድ ኤፖክሲው አይከተለውም፣ እያደር ሊላቀቅ ይችላል።

ወንበሮቹስ? ኮኖይድ የሚባለው ወንበር ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። እግሮቹ ከሥር እንደ በረዶ መንሸራተቻ ረዘም ባሉ እንጨቶች ላይ ቆመዋል፣ መቀመጫው ከፊት ድጋፍ ሳይኖረው አየር ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ ይፈራል። እኔም ቀስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ንቅንቅ አላለም። እግሩ ሹል ስላልሆነ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይወጋም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። የጀርባው ዘንጎች ሂከሪ ናቸው፣ ጠንካራም ተለማጭም የሆነ፣ ድሮ የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራበት እንጨት። መቀመጫው ለቂጥ እንዲመች ተፈልፍሏል። ነገር ግን ረጅም ጨዋታ የምትወዱ ከሆነ፣ እንደኛ ቤት ከምሳ ተነስቶ እስከ ራት ማለት ነው፣ ጀርባው ቀጥ ያለብኝ መሰለኝ። ባለቤቴ አልተስማማችም።

ሚራ የሚባለው ወንበር ሦስት እግር ነው። አባትየው ለልጃቸው በትንሽነቷ ብለው የሠሩት በርጩማ ቢጤ ነው፣ ኋላ ለትልቅ ሰውም የሚሆን ወጣለት። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢንጋደድም አይወዛወዝም። የጅማ ሰው ይሄንን ድሮ ያውቀዋል፤ ያውም የጅማው በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ኮላም ሚስማርም የማያውቅ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ኖሮ የጅማው አያፍርም። ልዩነቱ የእኛዎቹ ሠሪዎች ስማቸው የትም አለመጻፉ ነው።

ስለ ስም ካነሳን፣ የድሮዎቹ የናካሺማ ዕቃዎች ላይ ገልብጣችሁ ብታዩ የሠሪው ሳይሆን ብዙ ጊዜ የገዢው ቤተሰብ ስም ነው የተጻፈው። ሳንቃው ለማን እንደተመረጠ መለያ ነው። ደንበኛው ይመጣል፣ ስለ ቤቱ ይነጋገራሉ፣ ሳንቃ ይመረጥለታል፣ ስሙ ይጻፍበታል። ዛሬ ጨረታ ቤቶች ያንን ስም የእውነተኛነቱ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ፕሪንስተን ውስጥ ደግሞ ከመቶ በላይ የናካሺማ ዕቃ የነበራቸው ባልና ሚስት በ1989 ቤታቸው በእሳት ጠፋ፤ አባትየው እንደገና መሥራት ጀመሩ፣ እሳቸው ሲያርፉ ሚራ ጨረሱት። ይሄ ከፋብሪካ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም።

የማልወደውንም ልናገር። ጠርዙ ያልተላገ ሳንቃ ለአንድ ጠረጴዛ ያምራል፣ ቤት ሙሉ ሲሆን ግን ይበዛል። ጠረጴዛውም፣ አግዳሚውም፣ መደርደሪያውም እንደዚያ ከሆነ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ደግሞ ዎልነት ጥቁር እንጨት ነው፤ መስኮቱ ትንሽ የሆነ አፓርታማ ውስጥ ክፍሉን ያጨልመዋል። ዘይቱስ? ቫርኒሽ አይቀቡም፣ ተንግ ኦይል የሚባል ከዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነው ደጋግመው የሚያሻሹት። ሲነካ እንጨት እንጂ ፕላስቲክ አይመስልም፣ ልብ ያጠፋል። ነገር ግን ትኩስ ጀበና ቀጥታ ብታሳርፉበት ክብ ምልክት ይተዋል። ውሃም ሲቆይበት እንደዚያው። ጥሩነቱ፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ አሽቶ ዘይት መልሶ መቀባት ይቻላል፤ ቫርኒሽ ሲላጥ ግን ሙሉውን መግፈፍ ነው። እንግዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማስቀመጫ ይዞ መሮጥ የሚሰለቸው ሰው ይለፈው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች «እኛስ ዋንዛ አለን» ትላላችሁ። እውነት ነው። ዋንዛ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ለመላግ የማያስቸግር፣ ቶሎ የማይጣመም እንጨት ነው፤ ከዎልነት ጎን የሚቆም ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። በ1994 (በእኛ 1986) የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከማን ማሳ ላይ እንደተቆረጠ ጠይቁ። ናካሺማ ያረጀና የወደቀ፣ ነጋዴ «ጠማማ ነው» ብሎ የጣለውን ግንድም ይወስዱ ነበር፤ እኛም ጋ መንገድ ሲሰፋ፣ ግቢ ሲፈርስ የሚወድቀው ዛፍ አብዛኛው ማገዶ ነው የሚሆነው። ከእሱ የሚሠራ አናጢ ካገኛችሁ፣ ስንት ጊዜ አደረቅከው በሉት። ገበታውን ከፍሬሙ ጋር በምን ታያይዘዋለህ በሉት። ብሎኑ የሚንቀሳቀስበት ሞላላ ቀዳዳ ካሳያችሁ ያውቃል ማለት ነው። ገልብጠህ አሳየኝ ስትሉት ከተቆጣ ግን ቀብድ አትክፈሉ።

ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ ግቢው ይወደድላቸዋል፣ ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ግን እጃቸውን ያዙ። ጫማችሁ ሜዳ የሚያስኬድ ይሁን። ኒው ሆፕ ቅዳሜና እሑድ በሰው ትጨናነቃለች፣ መኪና ማቆሚያ መፈለግ ራስ ምታት ነው፤ ወርክሾፑ ከመሃል ከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ፣ ምሳ ከዚያ በኋላ። ለማዘዝ ካሰባችሁ የክፍላችሁን ልክና የመስኮቱን ፎቶ ያዙ፣ ሳንቃ የሚመረጠው በዚያ ነው። እኔ ገንዘብ ሲሞላልኝ የማዘው ጠረጴዛ አይደለም፤ ሦስት እግሩን፣ አጭሩን ሚራ ነው፣ ለቡና የሚሆነውን።